የመብለጥ ገጽ

‹በለጠ› ለሚለው ቃል እንግሊዝኛ ስንት ግስ እንዳለው አርባ ምንጭ ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም ብል ጉራ ይመስላል፤ ከአንዲት ልጅ በቀር ግን እውነት ነው። ያቺ ልጅ ጓደኛዬ ነበረች። ይህን የምጽፈው ከኔ በላይ ልታውቅ የቻለችው እንዴት እንደሆነ ለመናገር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ነገሩ ሲነሳ ግን አንጀቴ አሁንም ይበግናል፤ ለስላሳ አንደበት የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ቢሄድ ይሻለዋል።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነን፣ ማትሪክ ከፊታችን ተደቅኗል፣ ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሴቶቹ ግን በጣት እንቆጠራለን። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አንድ ልማድ ነበረው። አርብ ከሰዓት አንድ የአማርኛ ቃል ሰሌዳው ላይ ይጽፍና ይወጣል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሁለት እየሆንን ፊት ለፊት እንቆማለን፤ አንዱ ያንን ቃል የሚተካ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሲጠራ ሌላው ሌላ ይጠራል። ቃል ያለቀበት ይቀመጣል፣ ያላለቀበት ከሚቀጥለው ጋር ይገጥማል። እስከ መጨረሻ የቆመው ተማሪ ቃሎቹን ካርቶን ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ይሰቅላቸዋል። ሽልማቱ ይኸው ነበር፤ እኛ ግን ለዚያች ካርቶን ነፍሳችንን እንሰጥ ነበር። ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ ዳገቱን ስንወጣ የሌላ ክፍል ልጆች ‹ዛሬ ማን ቆመ?› ብለው ይጠይቁናል፣ ብዙውን ጊዜ መልሱ እኔ ነበርኩ።

ቃል የምንለቅመው ከአንድ መጽሐፍ ነው። አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶት የሄደ፣ የእንግሊዝኛን ቃላት በትርጉማቸው እያዛመደ የደረደረ ወፍራም መጽሐፍ ነበር። አንድ ብቻ ስለነበረ ከላይብረሪው አይወጣም። የፈለገ ተማሪ መታወቂያውን ያስይዛል፣ እዚያው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ያነባል፣ ሲመልስ መታወቂያውን ይቀበላል። የላይብረሪው ሠራተኛ ዕድሜያቸው የገፋ፣ መጽሐፍ ሲመለስላቸው ጀርባውን በመሐረብ የሚጠርጉ ሰው ነበሩ። ሕጋቸው አጭር ነው፤ መታወቂያው የማን ነው? ለመጽሐፉም ተጠያቂው እሱ ነው።

ጓደኛዬ መታወቂያ አልነበራትም። ለመታወቂያ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ‹የሚመጣው ሳምንት እነሳለሁ› እያለች ግማሽ ዓመት አሳለፈች። ስለዚህ በኔ መታወቂያ ሁለታችንም እናነብ ነበር። ቤተሰቦቿ ከላይ ከዶርዜ ናቸው። አባቷ ሸማኔ ነበሩ፣ እሷ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ሞቱ። እናቷ ጥጥ እየፈተሉ ልጆች ያሳድጋሉ። እሷ ሲቀላ ውስጥ ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜ ወደ ላይ ትወጣለች፣ እሑድ የሳምንቱን ቆጮ ተሸክማ ትወርዳለች። ትምህርቱ አልሆን ካለ የሚጠብቃት ፈትልና ባል እንደሆነ እናቷ በግልጽ ነግረዋታል፤ ባሉም ታይቶ ነበር። ይህን ሁሉ የማውቀው እሷው ነግራኝ ነው። ያልተነጋገርነው ነገር አልነበረም ብዬ አምን ነበር።

አንድ አርብ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ‹በለጠ› ብሎ ጻፈ። ክፍሉ አጉረመረመ፤ ‹ቢት› ከሚለው በቀር የሚያውቅ የለማ። እኔና እሷ ግን ተያይተን ፈገግ አልን፣ ደወሉ እንደተደወለም ወደ ላይብረሪው ሮጥን። መታወቂያዬን ሰጥቼ መጽሐፉን ተቀበልኩ። ገጹን ስናገኘው ደስታ ሊያሰክረን ነበር፤ ለካስ ሰውን መብለጥ እንዲህ ብዙ ዓይነት ነው። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ‹ኤክሲድ› ልክን ማለፍ ነው፣ ‹ሰርፓስ› ሌላውን አልፎ መሄድ ነው፣ ‹ኤክሴል› ማንንም ሳይነኩ በራስ ጎበዝ መሆን ነው። ‹አውትዱ› የሚለውን ስንደርስበት የጎረቤት ሴቶች የድግስ ፉክክር ነው ብዬ አሳቅኳት። ስድስት ያህል እንደጻፍን የክፍል አለቃ ስለነበርኩ የተሰበሰበ ደብተር ለአስተማሪው ማድረስ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ። ‹ቀጥዪ፣ መጣሁ› ብያት ወጣሁ።

ስመለስ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። መጽሐፉን መልሳ መታወቂያዬን ይዛልኛለች። ሰውዬው ልዘጋ ነው ብለው እንዳስወጧት ነገረችኝ። የጻፈችውን ስድስት ቃል ለኔም ገለበጥኩ፣ በማግስቱ ወደ አገሯ ወጣች።

ሰኞ እንደተለመደው ቆምን። ሌሎቹ በአንድና በሁለት ቃል እየተቀመጡ አለቁና እኔና እሷ ቀረን። ያችን ስድስት ቃል ተካፍለን ጨረስናት። እኔ ‹በቃኝ› ብዬ በሳቅ ልቀመጥ ስል እሷ ቀጠለች። ‹አውትሻይን› አለች። ‹ትራንሴንድ› አለች። ‹አውትስትሪፕ› አለች። ማቆሚያ አልነበራትም። መጨረሻ ላይ ‹ኤክሊፕስ› ስትል አስተማሪው ራሱ ከወንበሩ ተነሳ፤ ጨረቃ ፀሐይን እንደምትሸፍነው ሌላውን ከፊቱ ቆሞ ማጨለም ማለት እንደሆነ ለክፍሉ አስረዳ፣ ከዚያም አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ። ከማንም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ እጄን የሚያሳክከኝ ያ ጭብጨባ ነው።

ረቡዕ ዕለት የላይብረሪው ሠራተኛ አንድ ገጽ በምላጭ ተቆርጦ መውጣቱን ደረሱበት። ከአርብ ወዲህ መጽሐፉን የወሰደ ሌላ ሰው አልነበረም፤ መዝገቡ ላይ ያለው የመጨረሻ ስም የኔ ነው።

አልጠረጠርኳትም ብል ውሸት ይሆናል። ወደ ቢሮ ከመግባቴ በፊት ከክፍሉ ጀርባ ወስጄ ጠየቅኳት። እውነቱን ከነገረችኝ አብረን ገብተን ይቅርታ እንደምንጠይቅ፣ እኔም ከጎኗ እንደምቆም ነገርኳት። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ‹‹እናቴ ትሙት አልነካሁም›› አለችኝ። የሷን እናት አውቃለሁ፣ ለሷ ምን እንደሆኑ አውቃለሁ። በእናቷ ምላ የምትዋሽ ሰው ናት ብዬ ማሰብ አልቻልኩም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ስቀርብ ያደረግኩትን ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። ማን አብሮሽ ነበር ተባልኩ። እሷ ነበረች፣ ግን እኔም እሷም አልቀደድንም፣ እሷን በደንብ አውቃታለሁ አልኩ። ራሴን ልከላከል ገብቼ እሷን ተከላክዬ ወጣሁ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እኔ እንዲያውም ፈረሱን ኮርቻ ጭኜ ነው ያቀረብኩት። አስተማሪያችን የኮሚቴው አባል ነበር፤ ሰኞ ዕለት ማን ምን ያህል ቃል እንደጠራ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስብሰባው አለቀ።

እስከ ዓመቱ መጨረሻ ላይብረሪ እንዳልገባ ታገድኩ፣ በማግስቱ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል የመጽሐፍ ገጽ የቀደደች ተማሪ ተብሎ ስሜ ተነበበ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ተሰልፋ ነበር።

የሚያመኝ ግን የትምህርት ቤቱ ቅጣት አልነበረም። አባቴ መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው ከሰሜን ተመድበው መጥተው እዚያው የቀሩ፣ የአርባ ምንጭን ግማሽ ሕዝብ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን ይዞ መጽሐፍ የሚቀድድ ልጅ ወጣ ማለት ለሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በዕለቱ ያገኘሁትን የእንግሊዝኛ ቃል እንዳነብላቸው ያደርጉኝ ነበር፤ እሳቸው እንግሊዝኛቸው ያን ያህል አልነበረም፣ ቃሉን ከኔ በኋላ ሲደግሙት ግን ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። የዚያን ዕለት ገና ከበር ስገባ አንቺ ነሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይደለሁም አልኩ። መታወቂያው የማን ነው አሉኝ። የኔ ነው አልኩ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል አንብቢልኝ ማለት ተዉ። አልገረፉኝም፣ አልተቆጡኝም፤ ቢገርፉኝ በስንት ጣዕሙ። ማታ ደብተሬን ይዤ በረንዳው ላይ ስጠብቅ እሳቸው ጋዜጣቸውን ይገልጣሉ። እኔ ከማትሪኩም ከካርቶኑም ይልቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቴ እንዲያምኑኝ።

ጓደኛዬ መጀመሪያ ሸሸችኝ። ቦታዋን ቀይራ ከኋላ ተቀመጠች፣ ስንገናኝ ቶሎ ሰላም ብላኝ ታልፋለች። ከፋሲካ በፊት እናቷ በጠና መታመማቸውን ሰማሁ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ከትምህርት ቤት ቀረች። ከፋሲካ በኋላ ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና መጣች። እናቷ ተነስተዋል። ቦታዋ ተመለሰች፣ ቅቤ የጠገበ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አመጣችልኝ፣ ‹እህቴ› ብላ አቀፈችኝ። ከዚያም በየሰኞው ሳታመጣልኝ አትቀርም ነበር። ስለገጹ ምንም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ቆጮውን እየበላሁ በሆዴ ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች እያልኩ አማታለሁ። ግን ጓደኛ ሌላ አልነበረኝም፣ ስለዚህ በላሁ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከሲቀላ ገበያ አንዲት ትንሽ መዝገበ ቃላት ገዝተው መጡና አልጋዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። እኔ ይቅር ያሉኝ መሰለኝ። ላልሠራሁት ነገር ይቅር መባል ከቅጣቱ የበለጠ አቃጠለኝ። መዝገበ ቃላቷን ሳጥን ውስጥ ከትቼ አንድ ቀን እንኳ ሳልገልጣት ማትሪክ ተፈተንኩ።

ውጤት ሲመጣ እሷ ለዩኒቨርሲቲ አለፈች፣ እኔ ለመምህራን ማሠልጠኛ። በገጹ የተነሳ ነው አልልም፤ ሒሳብ ላይ ድሮም ደካማ ነበርኩ። እንግሊዝኛ ላይ ግን እኔ ከሷ ማነስ አልነበረብኝም፣ ይህን ለመናገር አላፍርም። ሠልጥኜ ስወጣ ካምባ ተመደብኩ፤ ለካምባ ልጆች እንግሊዝኛ አስተማርኩ። ‹በለጠ› የሚለውን ቃል ግን አንድም ቀን ሰሌዳ ላይ አልጻፍኩም።

ከአራት ዓመት በኋላ ጓደኛዬ ተመርቃ ሥራ ይዛ ነበርና ለመስቀል ዶርዜ እንድመጣ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ላለመሄድ ወስኜ ነበር፤ ኋላ ግን ምን እንደምትል ልስማ ብዬ ሄድኩ። የጋሞ መስቀል ቀላል በዓል አይደለም፤ ሩቅ የሄደ ሁሉ ይመለሳል፣ የተጣላ ታርቆ ነው አንድ ገበታ የሚቀርበው። ገና የግቢውን አጥር ሳልፍ እናቷ ከቤት ወጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፣ ሁሉንም ሰው አንተ ነው የሚሉት።

‹‹ያንተ አባት ትልቅ ሰው ነው›› አሉኝ። ‹‹ያን ወረቀት ሰጠነው፣ ልጄን ግን ለማንም አልሰጠም።››

የትኛው ወረቀት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቅ አሉና ቅቤ ሊያወጡ ገቡ። ጓደኛዬ ግን ፊቷ ተለወጠ።

‹‹አባትሽ አልነገሩሽም?›› አለችኝ።

ከጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ቆመን ሁሉንም ነገረችኝ። አርብ ዕለት የላይብረሪው ሠራተኛ ልዘጋ ነው ሲሉ እርሳስ መቅረጫ ምላጯን አውጥታ ገጹን ቆረጠችው፤ ሰኞ ልትመልሰው አስባ ነበር፣ ሰኞ ግን ስትቆም ጭብጨባውን ወደደችው። ከዚያ በእናቷ ምላ ካደች። እናቷ ሲታመሙና መድኃኒት አልረዳ ሲል ሽማግሌዎች ቤቱ ውስጥ የተደበቀ ነውር እንዳለ ጠየቁ። ጎሜ ይሉታል እዚያ፤ ሰው ጥፋት ሠርቶ ከሸሸገው ቤተሰቡ ላይ በሽታ ሆኖ ይመጣል፣ የሚፈታውም ሲናገሩትና የተበደለውን ሲክሱት ነው። እሷም ከሽማግሌዎቹ ፊት ተናዘዘች። የተበደለውን ሰው ታርቃችሁ ኑ ተባለ። የተበደለው ማን እንደሆነ ሲመክሩ የልጅ በደል የአባት በደል ነው ብለው ሦስት ሽማግሌዎች ገጹን ይዘው ወደ አባቴ ወረዱ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ሴቻ ውስጥ ቤታችን ደጃፍ ተንበረከኩ፤ አባቴም ይቅር አሉ። የታረቁበት ነገር ደግሞ ዳግም አይነሳም፣ ስለዚህ እሷም አላነሳችውም። እኔ አውቄ ይቅር ያልኳት መስሏት ነው ያን ሁሉ ሰኞ ቆጮ የተሸከመችልኝ።

አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። አራት ዓመት ሙሉ የጠላኋት ልጅ ሸሽታኝ እንዳልቀረች፣ እንዲያውም በመንገዷ መጥታ ይቅርታ እንደጠየቀችኝ ገባኝ፤ ይቅርታው ግን ከበራችን ገብቶ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ቀርቷል። ለመስቀል የታረደውን ሳልበላ በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና ወረድኩ። ከዳገቱ ላይ የአባያ ሐይቅ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር፣ የዚያን ቀን ግን ምንም አልመሰለኝም።

አባቴ ጡረታ ወጥተው ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ሲቆርጡ ደረስኩ። ሰላም ሳልላቸው ገጹ የት እንዳለ ጠየቅኳቸው። የቱ ገጽ አላሉኝም።

አቃጠልኩት አሉኝ። ቤታችን ውስጥ ቢገኝ እኛ ለመቅደዳችን ማስረጃ ይሆን ነበርና። ዕድሜ ልካቸውን ለልጅ መጽሐፍ አያያዝ ያስተማሩ ሰው፣ እኔን ነፃ የምታወጣኝን አንዲት ወረቀት ምድጃ ውስጥ ጨመሯት። ሽማግሌ ሣር ይዞ ደጅ ላይ ሲወድቅ እምቢ እንደማይባል፣ ነገሩ ትምህርት ቤቱ ጆሮ ከደረሰ እሷ ማትሪክ ሳትቀመጥ እንደምትባረር ረጋ ብለው አስረዱኝ። ሁሉም እውነት ነበር። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ለሌላ ሰው ልጅ እንዲያ ባደርግ እወድ ነበር።

‹‹ለኔስ?›› አልኳቸው። ‹‹ማታ ማታ እዚህ በረንዳ ላይ ደብተሬን ይዤ ስጠብቅዎት እያዩኝ፣ ለኔ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?››

‹‹ብነግርሽ በንዴት ትናገሪው ነበር፤ ልጅ ነበርሽ። እሷ ደግሞ ከዚያ ብትወድቅ የሚያነሳት አልነበራትም፣ አባቷን አፈር በልቶታል። አንቺ አባት ነበረሽ።››

‹‹በዚያ ዓመት አልነበረኝም›› አልኳቸው።